በጨለማ የሚያድግ ገብስ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ

ሳጥኖቹ ዛሬ አለቁ። ሦስት የካርቶን ሳጥኖች ናቸው፤ ውስጣቸውን ጥቁር ቀለም ቀብቼ መጋጠሚያቸውን በሙሉ በጥቁር ፕላስተር ዘግቻለሁ። የመጀመሪያው ምንም መብራት የለውም። በሁለተኛው ክዳን ላይ ቀይ፣ በሦስተኛው ላይ ሰማያዊ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ተለጥፏል። አራተኛው ትሪ ሳጥን አያሻውም፤ መስኮት ሥር ይቀመጣል።

ሥራውን ያስጀመረችኝ ከባዮሎጂ ክበባችን አንዲት ተማሪ ናት። «መምህር፣ ድንጋይ ሥር የበቀለ ሣር ለምን ቢጫ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ብርሃን ስላላገኘ ክሎሮፊል አልሠራም የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ የሚነግረን ግን ግማሹን ብቻ ነው። ያ ቢጫ ሣር ፀሐይ ላይ ከበቀለው ይረዝማል። የብርሃን እጦት ጉዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ መቀጨጭ ነበረበት። እሱ ግን ያለ የሌለ ስንቁን ቁመት ላይ ያፈሳል፤ ቅጠሉን ጠቅልሎ ይይዛል፤ ለአረንጓዴነት የሚያስፈልጉትን ብዙ ዘረ መሎች ዝም አሰኝቶ ከአፈር ለመውጣት የሚረዱትን ያሠራል። የታመመ ተክል አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ ተክል ነው። ይህንን ለተማሪዎቹ በቃል ሳይሆን በዓይናቸው ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ያውም እዚሁ ደብረ ብርሃን በሚገኝ ቁሳቁስ።

ዋናው እህል ገብስ ነው። የአገራችን ደጋ እህል መሆኑ ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ ሆርሞን ዘረ መልን እንዴት እንደሚያዝ ሳይንስ ካወቀው ውስጥ ትልቁ ክፍል የተገኘው ከገብስ ፍሬ ነው። ከገበያ የመረጥኩት ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን ነው፤ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ፍሬውን በምላጭ ለመቁረጥ ይመቻል። ለማነጻጸሪያ ስንዴ፣ ማሽላና ጤፍ ጨምሬያለሁ።

ጨለማ ውስጥ ያሉትን ለማጠጣት ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። የእጅ ባትሪ ፊት ላይ አረንጓዴ ፕላስቲክ ደራርቤ አስሬያለሁ። ተክሎች አረንጓዴውን ብርሃን ጨርሶ አያዩትም ማለት አይደለም፤ ከቀይና ከሰማያዊው ግን እጅግ ያነሰ ነው የሚነካቸው። ደብዛዛ ሆኖ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይበቃናል።

እሑድ

እህሉን አሥር እጥፍ ውኃ በተጨመረበት በረኪና ለአሥር ደቂቃ ያህል ዘፈዘፍኩትና ደጋግሜ አለቀለቅኩት። ሻጋታ እንዳይቀድመን ነው። ከዚያ ለሳጥኖቹ የሚሆነው እርጥብ ጥጥ ላይ ተበተነ፤ ጤፉ ላዩ ላይ፣ ማሽላው በአሸዋ ተሸፍኖ።

አማቴ የተዘፈዘፈውን ገብስ አይተው «ልጄ፣ ይህ እኮ ብቅል ነው፤ ሸፍነው እንጂ፣ ፀሐይ እንዳያየው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለጠላ ብቅል ሲዘጋጅ ገብሱ ይነከራል፣ ይጠነፈፋል፣ በኮባ ወይም በሌላ ቅጠል ተሸፍኖ ጨለማና ሙቀት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሥሩ ብቅ ብሎ እርስ በርሱ ሲያያዝ ይሰጣል። የተፈለገው ነገር ቡቃያው አይደለም፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ለውጥ ነው። ዱቄት የነበረው መጣፈጥ ይጀምራል። ያንን ለውጥ የሚያዝዘው ሆርሞን ነው፤ ስለዚህ ሳጥኖቹ እስኪደርሱ ድረስ የብቅሉን ሥራ ለብቻው ልመርምረው ብዬ ወሰንኩ።

ምላጭ ይዤ ደረቁን ፍሬ ሁለት ቦታ ከፈልኩት፦ ሽሉ ያለበት ግማሽና ሽል የሌለበት ግማሽ። ሽሉ ትንሽ ነው፤ ከፍሬው ጫፍ ላይ ጋደል ብሎ ይታያል። ሁለቱንም ግማሾች ለየብቻ እርጥብ አሸዋ ላይ አኑሬያቸዋለሁ።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አጋር የሚባለውን፣ በውኃ ፈልቶ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውን ዱቄት አገኘሁ። በአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም አጋርና 5 ግራም ስታርች አፍልቼ በመስታወት ሳህኖች ላይ አፈሰስኩ። ጄላቲን ይቀላል ብለው የመከሩኝ ነበሩ፤ አይሆንም፤ በመብቀል ላይ ያለ ገብስ ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችም ስለሚያወጣ ጄላቲኑን ያቀልጠዋል።

ሆርሞኑ ጂበረሊክ አሲድ ነው፤ ወይን አልሚዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ዱቄት። በውኃ እምብዛም ስለማይሟሟ አስቀድሞ በጥቂት አልኮል ይሟሟል። ለአንድ ሊትር የሚያስፈልገውን 10 ሚሊ ግራም የእኛ ሚዛን መመዘን አይችልም፤ ስለዚህ 100 ሚሊ ግራም መዝኜ በአንድ ሊትር ካሟሟሁ በኋላ ያንን አሥር እጥፍ አቀጠንኩት። ለማነጻጸሪያ በሚሆነው ውኃ ውስጥም ያንኑ ያህል አልኮል ጨምሬያለሁ፤ ልዩነት ከታየ የሆርሞኑ እንጂ የአልኮሉ እንዳይሆን።

በየሳህኑ ላይ ሦስት ዓይነት ግማሽ ፍሬ ተቀመጠ፣ የተቆረጠው ፊታቸው ወደ ታች፦ ሽል ያለው በውኃ፣ ሽል የሌለው በውኃ፣ ሽል የሌለው በጂበረሊክ አሲድ።

ዓርብ

ፍሬዎቹን አንስቼ ከፋርማሲ የገዛሁትን አዮዲን በውኃ አቅጥኜ አፈሰስኩ። ሳህኑ በሙሉ ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ አዮዲን ስታርች ባለበት ሁሉ እንዲህ ነው። ሽል ያላቸው ግማሾች በነበሩበት ግን ጥርት ያለ ክብ ቀረ፤ እዚያ ስታርቹ ተፈጭቷል ማለት ነው። ሽል ሳይኖራቸው ሆርሞን ባገኙት ዙሪያም ያው ክብ አለ፤ እንዲያውም በሁለቱ ሳህኖች ላይ ሰፋ ይላል። ሽልም ሆርሞንም ባላገኙት ሥር የታየው ጠርዙ ሐምራዊ የሆነ ጠባብ ጥላ ብቻ ነው። ያ ጥላ ሊያሳስት አይገባም፤ ቤታ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ደረቁ ፍሬ ውስጥም ቀድሞ ስላለ ስታርቹን በከፊል ይነካዋል። ጥርት ያለውን ክብ የሚሠራው በዋናነት አልፋ አሚሌዝ የተባለው ሌላው ስታርች ፈጪ ኢንዛይም ነው።

ተማሪዎቹ እዚህ ላይ የጠየቁት ጥያቄ አስደሰተኝ፦ አልፋ አሚሌዙስ ቀድሞ ተደብቆ የነበረ ቢሆንስ? ሆርሞኑ በሩን ከፍቶ አስወጥቶት ብቻ ቢሆንስ?

ይህንኑ ጥያቄ በ1967 ፊልነርና ቫርነር የተባሉ ተመራማሪዎች መልሰውታል፤ አሠራራቸው እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ጂበረሊክ አሲድ የተሰጠውን የገብስ ልባስ (ዱቄታማውን ክፍል የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን) ከባድ ኦክስጅን ባለበት ውኃ ውስጥ አኖሩት። ፍሬው የተጠራቀመ ፕሮቲኑን ሲፈጭ እያንዳንዱ የተቆረጠ ቦታ ከውኃው ኦክስጅን ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚገኙት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ከወትሮው ትንሽ ይከብዳሉ። አልፋ አሚሌዙ የተሠራው ከእነዚህ ከሆነ እሱም መክበድ አለበት፤ የድሮ ክምችት ከሆነ አይከብድም። ለይተው ሲመዝኑት ከበደ፤ የተገኘው ኢንዛይም በሙሉ አዲስ የተሠራ ነበር። ቀጥሎ በ1976 ሂጊንስ፣ ዝዋርና ጃኮብሰን ሆርሞኑ በዚያው ልባስ ውስጥ ለአልፋ አሚሌዝ የሚሆነውን መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ.፣ ማለትም ከዘረ መሉ የሚቀዳውን የሥራ ትእዛዝ፣ እንደሚያበዛ አሳዩ። ማለትም ትእዛዙ የሚሰጠው ዘረ መሉ ዘንድ ነው።

ልባስ ያልኩት አልዩሮን የሚባለውን ነው። ዛሬ አንዱን ፍሬ በማጉያ መነጽር ሥር አድርጌ ዱቄቱን በመርፌ ጫፍ ስጠርግ ቀስ በቀስ ወጣ፦ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ትንሽ የሚለጠጥ ሽፋን። በገብስ ላይ ሦስት የሕዋስ ድርብ ያህል ውፍረት አለው፤ በስንዴ ላይ አንድ ብቻ ነው። የደረሰ ፍሬ ዱቄታማ ክፍል የሞቱ ሕዋሳት ክምችት ሲሆን ይህ ሽፋን ግን ሕያው ነው፤ ደርቆ ለዓመታት ይጠብቃል። ሽሉ ውኃ ሲያገኝ ጂበረሊን (ጂበረሊክ አሲድ ከዚህ የሆርሞን ቤተሰብ ነው) ይልካል፤ ሽፋኑ ይቀበላል፤ ኢንዛይሙን ሠርቶ ወደ ዱቄቱ ይለቃል። እኛ ዛሬ ሽሉን ቆርጠን ጥለን መልእክቱን በእጃችን አደረስን፤ ሽፋኑም ሠራ።

በሕዋሱ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዴላ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሥራቸው ልጓም ነው። ጂበረሊን ሲመጣ ተቀባዩ ፕሮቲን (በ2005 በሩዝ ላይ የታወቀው) ሆርሞኑን ይዞ ከዴላ ጋር ይጣበቃል፤ ዴላም ተለይቶ ይፈርሳል። ልጓሙ ሲወልቅ ጋሚብ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይሠራል፤ እሱ ደግሞ የአልፋ አሚሌዝ ዘረ መል መነሻ ላይ ተቀምጦ ያስጀምረዋል። አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ተቃራኒውን ይሠራል፤ ፍሬው እናቱ ላይ እያለ እንዳይበቅል ከሚያግዙት አንዱ ነው። በገብስ ላይ የዴላ ዘረ መል የተበላሸበት ቀጭንና ረጅም ዝርያ አለ፤ የእሱ ግማሽ ፍሬ ሽልም ሆርሞንም ሳያገኝ አሚሌዝ ያወጣል። የቁመቱና የብቅሉ ልጓም አንድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

እሑድ ማታ

ሳጥኖቹ ከመከፈታቸው በፊት አንድ ሥራ አለ። በጨለማ ካደጉት የገብስ ማሰሮዎች መካከል አንዱን ለአምስት ደቂቃ በቀይ ብርሃን አበራሁትና ወደ ጨለማው መለስኩት። ሌላውን አምስት ደቂቃ ቀይ፣ ወዲያው ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ሩቅ ቀይ ሰጠሁት። የቀሩት አልተነኩም።

ሩቅ ቀይ ማለት ከቀዩ ባሻገር ያለው፣ ዓይናችን እምብዛም የማያየው፣ የሞገድ ርዝመቱ 730 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ነው። መብራቱ ገበያ ላይ ስላልተገኘ በድሮው ዘዴ ተጠቀምኩ፦ የድሮ ባለ ክር አምፖል፣ ከፊቱ ውኃ የሞላ የመስታወት ገንዳ ሙቀቱን እንዲይዝ፣ ከዚያ የስጦታ መጠቅለያ ቀይና ሰማያዊ ሴሎፎን ተደራርቦ። ሁለቱ ቀለሞች ሲደራረቡ የሚታየውን ብርሃን አብዛኛውን ያስቀራሉ፤ ሩቅ ቀዩን ያሳልፋሉ። የቴሌቪዥን ሪሞት ወይም የጥበቃ ካሜራ መብራት ይተካው እንደሆነ የጠየቀ ተማሪ ነበር፤ የእነሱ ሞገድ በጣም የረዘመ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ፋይቶክሮም ለተባለ ብርሃን ተቀባይ ነው። በ1952 ቦርትዊክ፣ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ቤልትስቪል የሰላጣ ዘር በቀይ ብርሃን እንደሚበቅል፣ በሩቅ ቀይ እንደሚገታ፣ መጨረሻ የታየው ቀለም ወሳኝ እንደሆነ አሳዩ። ተቀባዩ ራሱ በ1959 የተለየው ደግሞ በጨለማ ካደገ የበቆሎ ቡቃያ ነው። ክሎሮፊል ስለሌለው ሌላውን ቀለም ለማየት የተመቸ ነበር።

ሰኞ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ተከፈተ።

በጨለማ የቆየው ገብስ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ደርሷል፤ መስኮት ሥር ያለው 8 ነው። ቅጠሉ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሏል። በቀይ ብርሃን ያደገው አጠር ያለና አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሉም ተዘርግቷል፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሰማያዊው ሳጥን መብራቱ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ በመሆኑ ቡቃያዎቹ በሙሉ ወደዚያ ጎንበስ ብለዋል። መጉበጥን የሚያዝዘው ሰማያዊው ነው። ቻርለስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በ1880 የሣር ቡቃያ ጫፍ ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ቆብ ሲያጠልቁለት መጉበጡን እንደሚተው ጽፈዋል፤ ከጫፉ ወደ ታች የሚወርደው መልእክት ኦክሲን የተባለው ሆርሞን መሆኑ ቆይቶ ታወቀ።

ማሽላው ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎቹን አስደንግጧል። በጨለማው ሳጥን በፍሬውና በቅጠሉ ሽፋን መካከል ያለችው አንጓ እንደ ነጭ ክር ተመዝዛለች፤ ማሽላ ጥልቅ ከተዘራ የሚወጣው በእሷ ነው። ብርሃን ያገኘው ላይ ይህች ክፍል አጭር ናት፤ ቆዳዋም ቀልቷል። ብርሃን የቀይ ቀለም ዘረ መሎችን ስለሚቀሰቅስ ነው። የማሽላ ቡቃያ ሲጎዳ ሳያናይድ የሚለቅ ውህድ ስላለው ትሪው ለዶሮም ለበግም አይሰጥም፤ ለተማሪዎቹ አጥብቄ ነግሬያለሁ።

ከዚያ የማታዎቹ ማሰሮዎች በአንድነት መስኮት ሥር ተቀመጡ። ያልተነካው ገብስ ለሁለት ሰዓት ያህል ቢጫ እንደሆነ ቆየ፤ ወደ ከሰዓት በኋላ ነው አረንጓዴው የበረታው። ማታ ቀይ ብርሃን ያየው ግን ሳይዘገይ ጀመረ፤ መስኮት ሥር ከተቀመጡ በአራተኛው ሰዓት ልዩነቱ ከክፍሉ በር ይታይ ነበር። ቅጠሎቹን እኩል መዝነን ሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ አልኮል ቀለማቸውን ስናወጣም ፈሳሹ ይኸንኑ መሰከረ። የብር ኖት መፈተሻ መብራት ሲበራበት ማታ ቀይ ብርሃን ያየው ገብስ ፈሳሽ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይፈካል፤ ያልተነካው ፈዘዝ ይላል። ክሎሮፊል እንዲህ ሲፈካ ከዚህ በፊት ያየ ከተማሪዎቹ አንድም አልነበረም።

የመዘግየቱ ምክንያት ይህ ነው። በጨለማ ያለ ቅጠል ክሎሮፊል ለመሆን ጥቂት የቀረው ውህድ በጥቂቱ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቀጣዩን እርምጃ የሚያስኬደው ኢንዛይም ራሱ ብርሃን ካላገኘ አይሠራም፤ ሲያገኝ ግን ወዲያውኑ ይሠራል። የተዘጋጀው ግን ጥቂት ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ አዲስ ውህድና ክሎሮፊሉን የሚይዙ ፕሮቲኖች ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ደግሞ ዘረ መሎቻቸው እስኪነቁ ይጠብቃሉ። ክላውስ አፔል በ1979 በገብስ ላይ እንዳሳየው የክሎሮፊል ያዡን ፕሮቲን መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. የሚያስነሳው ፋይቶክሮም ነው። የማታዋ አምስት ደቂቃ ይህንን ዝግጅት ሌሊቱን አስጀምራ አደረች።

ሩቅ ቀይ የተከተለበት ማሰሮስ? መሐል ላይ ቆመ፤ ከቀዩ ዘገየ፣ ካልተነካው ግን ቀደመ። መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ሙሉ በሙሉ ይሻራል ስለሚል አንዳንዶቹ ቅር ብሏቸዋል። እኔ ግን ከሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው። በጨለማ ያደገ ቡቃያ ኤ የተባለው ፋይቶክሮም እጅግ በብዛት አለው፤ እሱ ደግሞ ከሩቅ ቀይ የሚገኘው ኢምንት እንኳ ይበቃዋል። ከአፈር በታች ላለ ቡቃያ የመጀመሪያዋን ጭላንጭል ማወቅ የሞት ሽረት ነው። ብርሃን ከበረታ በኋላ የዚሁ ፋይቶክሮም ዘረ መል ይዳከማል። ያንን ብርሃን የሚሻ የክሎሮፊል እርምጃ ከሚሠሩት የገብስ ኢንዛይሞች የአንደኛው ዘረ መልም በብርሃን ይወርዳል። ስለዚህ «ብርሃን ዘረ መሎችን ያበራል» ብሎ ማስተማር አይበቃም፤ የሚያጠፋቸውም አሉ።

ሐሙስ

መስኮት ሥር ባለው ገብስ ግማሹ ላይ ከሰኞ ጀምሮ ጂበረሊክ አሲድ ስረጭ ሰነበትኩ። የተረጨው ረዝሞ በጨለማ ያደገውን ቁመት ሊይዝ ተቃርቧል። ግን አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉም ተዘርግቷል። ቁመቱን ከጨለማው፣ ቀለሙን ከብርሃኑ የወሰደ ይመስላል።

ተማሪዎቹ ራሳቸው ደረሱበት፦ ብርሃን የሚያዝዘው አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ቁመቱን ከሆርሞኑ ጋር ይጋራል፣ አረንጓዴነቱ ግን ለብቻው ይሄዳል። መገናኛው በ2008 አረቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ላይ ታውቋል። ፒፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች የማርዘሚያ ዘረ መሎችን ያሠራሉ። በብርሃን የነቃ ፋይቶክሮም እነሱን ያስፈርሳል፤ ዴላም ይዞ ያስቀምጣቸዋል። ጂበረሊን ዴላን ሲያፈርስ የተረፉት ፒፎች ነፃ ይወጣሉ። ዓርብ ዕለት በግማሽ ፍሬው ላይ ያየነው ያው ዴላ ነው።

ቅዳሜ

የመጨረሻው ትሪ ስንዴ ነው። አንዱ አጭሩ የተሻሻለ ዝርያ፣ ሌላው የቆየው ረጅሙ የአገር ስንዴ። ሁለቱም እኩል ጂበረሊክ አሲድ ተረጭተዋል። የአገር ስንዴው ተመዘዘ። አጭሩ ግን ሆርሞን ካልተረጨው መሰሉ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጥ ለመለየት ያስቸግራል።

ይህ የአጭር ስንዴ ታሪክ ነው። ኖሪን 10 ከተባለው የጃፓን ስንዴ የመጣውን የአጭርነት ዘረ መል የስንዴ ተመራማሪው ኖርማን ቦርላግ ሜክሲኮ ውስጥ ከራሱ ዝርያዎች ጋር አዳቅሎ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል። ዘረ መሉ የዴላ ዘረ መል መሆኑ የታወቀው በ1999 ነው። ተለውጦ ጂበረሊን የማያፈርሰው ዴላ ስለሚሠራ ሆርሞኑ ቢበዛም ልጓሙ አይወልቅም። አገዳው አጭር ስለሆነ ፍሬው ሲከብድ አይጋሸብም። ዳሩ ግን ያው ዘረ መል ቡቃያውን የሚያወጣውን የመጀመሪያ ሽፋንም ያሳጥራል፤ ጥልቅ ከተዘራ ሽፋኑ መሬት ላይ ሳይደርስ ያበቃል፣ ቅጠሉም አፈር ውስጥ ይታጠፋል።

አንዱ ተማሪ አባቱ በበሬ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ በአንድ ማሳ ላይ አንዱ ስንዴ ተስተካክሎ ወጥቶ ሌላው እየተዘለለ እንደሚበቅል ነገረን። የዘሩት አጭሩን መሆኑን ለማወቅ የዘሩን እፍኝ ሰኞ ይዞ ይመጣል፤ ግማሹን ሆርሞን እንረጨዋለን። የቀረውን ደግሞ ከአገር ስንዴው ጋር በ3፣ በ6 እና በ9 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በአሸዋ ውስጥ እንዘራዋለን። ጎኑ የሚያሳይ የመስታወት ገንዳ ስላለን ሽፋኑ እስከ የት እንደሚደርስ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ገንዳው ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል፤ ሲለካ አረንጓዴው ባትሪ ብቻ ይበራል።